የድምፅ ማፈኛ የገባለት ሽጉጥ ሲነክስ፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ

ሽጉጡ ብቻውን ሲተኮስ ምንም አይልም። የድምፅ ማፈኛው አፈሙዙ ላይ ሲጠመድ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ይነክሳል፣ ማለትም በተኩስ መሀል እምቢ ይላል። አንድ ተኩሶ ይቆማል። ወይም ቀለሁ (የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀፎ) ሳይወጣ ስላይዱ (ከላይ የሚንሸራተተው የሽጉጡ ክፍል) አፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ወይም ደግሞ የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላ ስላይዱ ክፍት ሆኖ መቆም ሲገባው ይዘጋል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ። ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ለስላሳ ሞላ ያዛል። ቀጥሎ ሌላ በርሜል ያዛል። ከዚያ ሽጉጡን ይሸጣል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጡ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ማፈኛው ጀርባ ላይ፣ ቡስተር በምንለው ክፍል ውስጥ ነው። እሱን ፈትቶ ለማየት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት በአንድ ሐሳብ ነው፦ መጀመሪያ ምክንያቱን እንፈልግ፣ ዕቃ መግዛቱ ይቆየን።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል። የምናወራው አሜሪካ ውስጥ በሕግ ተመዝግቦ ስለተያዘ ማፈኛ ነው። ከ1934 ጀምሮ ማፈኛ በፌዴራል ሕግ ይመዘገባል። የ200 ዶላሩ ታክስ ከጃንዋሪ 1, 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው፣ አሻራውና ማመልከቻው ግን አልቀረም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ይፈቅዳሉ። መካከላቸው ያለው ዋሽንግተን ዲሲ አይፈቅድም። አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) የሚኖር ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ያለ ጓደኛው ጋ ሲሄድ መንገዱን አስቦ ይምረጥ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኢሊኖይና ማሳቹሴትስም ይከለክላሉ። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ወደ አገር ቤት መላክ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ከመንካታችሁ በፊት

ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) አውጡ። ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ ያዙት። ቻምበሩን (ጥይቱ የሚገባበትን የበርሜሉን ጀርባ) በዓይናችሁ እዩ፣ ጣታችሁንም አስገብታችሁ ዳስሱ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛነፍ፦ ሁልጊዜ መጀመሪያ ካዝናው ነው የሚወጣው። በምትሠሩበት ጠረጴዛ ላይ አንድም ጥይት አይኑር።

ማፈኛው ከተተኮሰበት ብዙ ካልቆየ ደግሞ ይፋጃል። አንድ ካዝና በፍጥነት ተተኩሶበት በባዶ እጅ መያዝ አይቻልም። ጠብቁት፣ ወይም ወፍራም ጓንት አድርጉ።

ለጆሯችሁም ተጠንቀቁ። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ያለ ማፈኛ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይጮኻል። ጥሩ ማፈኛ ከዚያ ላይ ወደ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። የቀረው ድምፅ ቀላል አይደለም። ሥራው ከመኪና ማርሚታ ጋር አንድ ነው፦ ጋዙን በየክፍሉ እያዘገየ፣ እያቀዘቀዘ ይለቀዋል እንጂ ድምፁን አያጠፋውም። ችግር ፍለጋ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ብዙ ትተኩሳላችሁ። የጆሮ መከላከያችሁን አታውልቁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ

ይህን ክፍል ዘልላችሁ አትለፉ። ቀሪው ሁሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው።

ግሎክ፣ ሲግ፣ ሲዜድ፣ 1911 እና ሌሎች ብዙ ሽጉጦች የሚሠሩት ጆን ብራውኒንግ ባወጣው ዘዴ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ስላይዱና በርሜሉ ተቆላልፈው አብረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ የበርሜሉ ጀርባ ዝቅ ይልና ቁልፉ ይላቀቃል። በርሜሉ እዚያው ይቀራል። ስላይዱ ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል፣ ቀለሁን ጎትቶ ይወረውራል። በመጨረሻም ሞላው መልሶ ሲገፋው ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ይዘጋል።

አሁን በርሜሉ ጫፍ ላይ ከ200 እስከ 400 ግራም የሚመዝን ቱቦ እንስቀል። ጉልበቱ ያው የአንድ ጥይት ጉልበት ነው። የሚገፋው ሸክም ግን ጨመረ። ክብደቱም ፊት ላይ ስለተንጠለጠለ የበርሜሉ ጀርባ እንደልቡ ዝቅ ማለት ያቅተዋል። ስላይዱ ጉልበት ያጥረውና መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። አብዛኛው ችግር ከዚህ ከአጭር ጉዞ የሚመነጭ ነው።

ቡስተር የተፈጠረው ለዚህ ነው። በርሜሉ ላይ የሚጠመደው ማፈኛው ራሱ አይደለም፤ ፒስተን የሚባል ትንሽ ክፍል ነው። በፒስተኑና በማፈኛው መካከል ሞላ አለ። ጥይቱ ሲወጣ የጋዙ ግፊት ማፈኛውን ወደ ፊት፣ ፒስተኑንና በርሜሉን ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋል። ሞላው ይጨመቃል። በዚያች ቅጽበት በርሜሉ የማፈኛውን ክብደት አይሸከምም። እንዲያውም ከጋዙ ተጨማሪ ግፊት ያገኛል። ወዲያው ሞላው ማፈኛውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፒስተኑ በነፃነት መንቀሳቀስ ከቻለ ብቻ ነው። ፒስተኑ በጥላሸት ከተያዘ፣ ሽጉጣችሁ ቡስተር እንደሌለው ሆነ ማለት ነው።

ደረጃ አንድ፦ ሽጉጡን ብቻውን ፈትኑ

ማፈኛውን አውልቁ። የበርሜሉን ጥርስ (ማፈኛው የሚጠመድበትን ብሎን) የሚሸፍነውን ክዳን መልሱ። ከዚያ ከማፈኛው ጋር ያስቸገራችሁን ያንኑ ጥይት፣ በዚያው ካዝና፣ በዚያው እጅ ተኩሱ።

እዚህም ከነከሰ ማፈኛውን እርሱት። ችግሩ የሽጉጡ፣ የካዝናው ወይም የጥይቱ ነው። ማፈኛ የተደበቀ ድክመት ያጋልጣል፤ ብቻውን እየተንገዳገደ የሚሠራ ሽጉጥ ክብደት ሲጨመርበት ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚህ ያለውን ጨርሱ፦ ጽዳት፣ ዘይት፣ አዲስ ሞላ፣ የማያጠራጥር ካዝና።

ካዝናዎቻችሁን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸው። አንዱ ካዝና ብቻ ሲያስቸግር ካልተለየ ሰው ወር ሙሉ ማፈኛውን ሲወቅስ ይከርማል።

ቀጥሎ የአንድ ጥይት ፈተና አድርጉ። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገቡ፣ አቀባብሉ፣ ተኩሱ። ስላይዱ ክፍት ሆኖ ከቆመ ሙሉ መንገዱን ሄዷል። ይህን ደጋግሙት። ከዚያ ማፈኛውን ግጠሙና ያንኑ ፈተና ድገሙ። ያለ ማፈኛ እየቆመ፣ ከማፈኛ ጋር የማይቆም ከሆነ፣ ስላይዱ ጉዞው እያጠረበት ሊሆን ይችላል። ግን አውራ ጣታችሁ የስላይድ ማቆሚያውን እየተጫነ እንዳይሆን እዩ። ማፈኛ ሲገጠም ፊቱ ስለሚከብድ ብዙ ሰው ሳያስበው አያያዙን ይለውጣል።

ደረጃ ሁለት፦ የነከሰበትን ዓይነት ለዩ

ሽጉጡ ሲቆም ወዲያው ካዝናውን መትቶ ስላይዱን መሳብ ልማድ ነው። ለምርመራ ግን እጃችሁን ከቃታው አንሱ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳነጣጠራችሁ ቆሙና እዩ። ስልካችሁ ላይ በዝግታ የሚቀርጽ ካሜራ ካለ ጓደኛ ከጎን ሆኖ ይቅረጽ። ዓይን የማያየውን ያሳያል።

ከሁሉ በላይ ቀለሁን ተከታተሉ። የት ወደቀ? ጫማችሁ ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ስላይዱ ደክሟል። ከወትሮው ርቆ እየበረረ ከሆነ ደግሞ ስላይዱ ከመጠን በላይ እየፈጠነ ነው። ይህች ልዩነት ወሳኝ ናት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከተኮሰ በኋላ ስላይዱ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ትንሽ ተነቃንቆ ቀለሁን ቻምበር ውስጥ ትቶ ከተመለሰ፣ ቡስተሩ አልሠራም። መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። ወደ ደረጃ ሦስት ሂዱ።

ቀለሁ ወጥቶ ስላይዱ አፍ ላይ ቆሞ ከተያዘ ስላይዱ ሄዷል፣ ግን በቂ ፍጥነት አላገኘም። እዚህ ቡስተሩም፣ ጥይቱም፣ የለሰለሰ አያያዝም ሊጠየቁ ይችላሉ። ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር ሥር ጥላሸት ተጠራቅሞ እንደሆነም እዩ። ማፈኛ ጋዝ ወደ ኋላ ስለሚመልስ ሽጉጡ ከወትሮው ቶሎ ይቆሽሻል።

ቀለሁ ወጥቶ አዲስ ጥይት ካልገባስ? ስላይዱ ባዶ ቻምበር ላይ ተዘግቷል። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ይህ ችግር ሁለት ተቃራኒ ምክንያት አለው። አንደኛው ስላይዱ ደክሞ ከካዝናው ኋላ ሳይደርስ ተመልሷል። ሁለተኛው ስላይዱ በጣም ፈጥኖ፣ የካዝናው ሞላ ጥይቱን ሳያነሳ አልፎታል። በመጀመሪያው መድኃኒቱ ለስላሳ ሞላ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ለስላሳ ሞላ ችግሩን ያባብሰዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ቀለሁ የወደቀበት ቦታ ነው። ቀለሁ እግር ሥር ከሆነ ደክሟል። ቀለሁ ርቆ ከሆነ ፈጥኗል፤ የካዝናውን ሞላ በአዲስ ለውጡ።

ስላይዱ አዲስ ጥይት ይዞ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ደግሞ ጉዳዩ የመመለሻው ጉልበት ነው። የማፈኛው ክብደት በርሜሉ ላይ ይጫናል፣ ሞላው ደግሞ ያንን ማሸነፍ አለበት። ባዶ ሽጉጥ ላይ ስላይዱን በእጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስትመልሱት ባይዘጋ አትደንግጡ። ስባችሁ በአንድ ጊዜ ለቃችሁት ካልዘጋ ግን ያረጀ ሞላ፣ ቆሻሻ ወይም የዘይት እጥረት አለ።

ደረጃ ሦስት፦ ቡስተሩን ፈትታችሁ እዩ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

ከመፍታታችሁ በፊት ቀላል ሙከራ አለ። ባዶ ሽጉጥ ላይ ማፈኛው ተገጥሞ ሳለ፣ ሽጉጡን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ማፈኛውን በሌላው እጅ ወደ ፊት ሳቡት። እጃችሁ በአፈሙዙ ፊት አይለፍ፤ ከጎን ያዙት። ሞላው እየታገላችሁ ማፈኛው ወደ ፊት መምጣት አለበት። ስትለቁት ራሱ ተመልሶ መቀመጥ አለበት። እየተንሻፈፈ ከመጣ፣ መሀል ላይ ከተያዘ፣ ወይም ፈጽሞ ካልነቃነቀ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

አሁን የማፈኛውን የኋላ ክዳን ፍቱ። ውስጡ የታመቀ ሞላ ስላለ ፊታችሁን ከፊቱ አንሱ፣ ክዳኑንም በመዳፋችሁ ተጭናችሁ አዙሩ። ሞላው፣ ፒስተኑና አንዳንዱ ላይ ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ይወጣሉ። በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው። ፎቶ ብታነሱ ደግሞ መልሶ መግጠሙ ይቀላል።

ፒስተኑ ላይ የደረቀ ጥቁር ጥላሸት ታያላችሁ። የሚያስቸግረው እሱ ነው። በመሣሪያ ማጽጃ ፈሳሽ ነክራችሁ አቆዩት፣ ከዚያ በናይሎን ወይም በነሐስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ቢላዋና የብረት መፋቂያ አታስጠጉት። ፒስተኑ የሚንሸራተትበት ገጽ ላይ ጭረት ከተፈጠረ ጥላሸቱ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ ጭረት ውስጥ ይነክሳል። ፒስተኑ የሚገባበትን የማፈኛውን የውስጥ ግድግዳም እንዲሁ አጽዱ። ብዙ ሰው ፒስተኑን አሳምሮ አጥቦ ግድግዳውን ይረሳዋል።

ሞላውን ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ያዘነበለ፣ የተጣመመ ወይም ከአዲሱ ያጠረ ከሆነ ይለወጥ። ርካሽ ዕቃ ነው። ኦሪንጉ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ እንዲሁ።

ከዚያ ፒስተኑን ሙቀት በሚችል ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ስስ ማለቴን ልብ በሉ። ግሪስ አብዝቶ መቀባት ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በሙቀቱ ተቃጥሎ ራሱ ጥላሸት ይሆናል። ጣት ላይ የሚቀር ያህል በቂ ነው። መልሳችሁ ግጠሙና የቅድሙን የመሳብ ሙከራ ድገሙ።

ክዳኑን ስትመልሱ እስከ መጨረሻው አጥብቁ። ብዙ ቡስተሮች ፒስተኑን ማፈኛው ላይ በተለያየ ማዕዘን የሚያስቀምጡ ጥርሶች አሏቸው። ማፈኛውን ወደ ፊት ስባችሁ ጥቂት አዙራችሁ ስትለቁት ሌላ ጥርስ ላይ ይቀመጣል። ይህ የሚያገለግለው ጥይቱ የሚመታበትን ቦታ ለማስተካከል ነው። ጥርሱ በግማሽ ተቀምጦ ከቀረ ግን ሞላው በትክክል አይሠራም። ቁጭ ማለቱን በእጃችሁ አረጋግጡ።

ከየተኩሱ በኋላ ይህን ማድረግ ግዴታ ነው አልልም። እኔ ግን ቡስተሩን ሳያጸዱ ማስቀመጥን አልወድም። ትኩስ ጥላሸት በቀላሉ ይለቃል፤ ወር ከቆየ ድንጋይ ይሆናል።

ደረጃ አራት፦ ትክክለኛው ፒስተን፣ ትክክለኛው ጥርስ

አንድ ማፈኛ ከሽጉጥም ካርባይን ከሚባለው አጭር ጠመንጃም ጋር የምትጠቀሙ ከሆነ እዚህ ቆም በሉ። በርሜላቸው የማይንቀሳቀስ መሣሪያዎች ሞላ አያስፈልጋቸውም። በሞላው ፋንታ ስፔሰር የሚባል ደረቅ ቀለበት ይገባል። ከካርባይኑ አውጥታችሁ ስፔሰሩ ውስጡ እንዳለ ሽጉጡ ላይ ከገጠማችሁት፣ ሽጉጡ እያንዳንዱን ጥይት በእጅ የምታቀባብሉት ይሆናል። ግልባጩ ደግሞ ይጎዳል፦ በማይንቀሳቀስ በርሜል ላይ ሞላው ከቀረ ማፈኛው በየተኩሱ ወደ ፊት እየተወረወረ ይጋጫል፤ ቡስተሩም ፒስተኑም ይበላሻሉ።

የጥርሱ ልክም ይታይ። የአሜሪካ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በርሜሎች በብዛት ግማሽ ኢንች በ28 ናቸው፤ ግማሽ ኢንች ስፋቱ፣ 28 በአንድ ኢንች ያለው የጥርስ ብዛት ነው። የአውሮፓ አምራቾች ብዙውን ጊዜ 13.5 ሚሊ ሜትር በ1 (ጥርሶቹ በ1 ሚሊ ሜትር የተራራቁ) ይጠቀማሉ፤ እሱ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። የአሜሪካ ነጥብ 45 (በኢንች) በርሜሎች ደግሞ ነጥብ 578 ኢንች በ28 ናቸው። የማይገጥመውን ልክ በግድ ማስገባት ጥርሱን ከመላጨቱም በላይ ማፈኛውን ጠማማ ያስቀምጠዋል።

ፒስተኑ ሲጠመድ ጥርሱ ብቻ አይበቃም። የበርሜሉ ትከሻ ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት። እዚያ ያለች ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ማፈኛውን ታዛንፈዋለች። የተዛነፈ ማፈኛ ውስጥ ጥይቱ ባፍሎቹን (የማፈኛውን የውስጥ ክፍልፋዮች) ሊመታ ይችላል። ለዚህ የሚሸጥ ቀጥ ያለ የማስተካከያ ዘንግ አለ፤ በባዶ በርሜል ገብቶ በማፈኛው አፍ መሀል ለመሀል መውጣቱን ታያላችሁ። አዲስ በርሜል በገዛችሁ ቁጥር ይህን አድርጉ።

በተኩስ መሀል መላላትም አለ። የላላ ፒስተን ቡስተሩን ያዛባል፣ ባፍሎቹንም ለአደጋ ያጋልጣል። ካዝና በለወጣችሁ ቁጥር፣ ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ፣ በጓንት ጠበቅ አድርጉት።

ደረጃ አምስት፦ ጥይቱ

ስለ ጥይት የሚነገረው ግማሹ ልክ አይደለም። በማፈኛ ለመተኮስ ሰዎች 147 ግሬይን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ጥይት ይገዛሉ፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚሄድ በአየር ላይ የሚሰማው ስንጥቅ የለውም። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሙቀት 1125 ጫማ በሰከንድ ገደማ ነው። 115 ግሬይን ጥይት ወደ 1150 ይሄዳል፤ 147 ግሬይን ደግሞ ከ1000 በታች ነው። ከዚያ ሽጉጡ ሲነክስ «ቀርፋፋ ጥይት ስለሆነ ደካማ ነው» ይባላል።

እስቲ እናስላው። ስላይዱን የሚገፋው በዋናነት የጥይቱ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። 115 በ1150 ሲባዛ 132,250 ይሆናል። 147 በ980 ሲባዛ 144,060 ነው። ቀርፋፋው ጥይት የተሻለ ይገፋል! ስለዚህ ጥሩ የፋብሪካ 147 ግሬይን ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ማፈኛ ያለውን ሽጉጥ በደንብ ያሠራል።

ደካማው ሌላ ነው። ለውድድር ተብሎ ለስለስ አድርጎ የሚሠራ ጥይት አለ። ዩኤስፒኤስኤ በሚባለው የአሜሪካ የተኩስ ማኅበር ውድድር የዝቅተኛው ክፍል መለኪያ 125 ነው፤ ይህም ክብደቱ በፍጥነቱ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ማለት ነው። 147 ግሬይን ሆኖ በ870 ጫማ የሚሄድ ጥይት መለኪያውን አልፎ 128 አካባቢ ይገባል። ለውድድር ድንቅ ነው። በከባድ ማፈኛ ሥር ግን መጀመሪያ ሽጉጡን የሚያስቆመው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ፍጥነት አንብቡና አባዙ።

ነጥብ 45 እዚህ ላይ የታደለ ነው። 230 ግሬይኑ በ830 ጫማ ገደማ ስለሚሄድ በተፈጥሮው ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው፣ ግፊቱም ከባድ ነው።

በቤት ውስጥ ጥይት የምትሞሉ ከሆነ፣ ለማፈኛ ብላችሁ ባሩድ ከመመሪያው በላይ አትጨምሩ። ቡስተሩ መሥራት ካለበት በተለመደው ጥይት ይሠራል።

አንድ የማይታለፍ ማስጠንቀቂያ። ተኩሳችሁ ድምፁ ከወትሮው ያነሰ፣ ምቱም የላላ ከሆነ ወዲያው ቁሙ። ጥይቱ በርሜሉ ውስጥ ወይም ማፈኛው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ማፈኛ ባለበት ይህን በድምፅ መለየት ይከብዳል፣ ስለዚህ በእጅ የሚሰማችሁን እመኑ። ሽጉጡን ባዶ አድርጉ፣ ማፈኛውን አውልቁ፣ በርሜሉን አውጥታችሁ በብርሃን እዩ። የማፈኛውንም ቀዳዳ እዩ። የሚቀጥለው ጥይት ከኋላው ከመጣ እጃችሁን ልታጡ ትችላላችሁ።

ደረጃ ስድስት፦ ሞላ መለወጥ፣ በመጨረሻ

ከላይ ያለው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ጥይቱም ጥሩ ሆኖ፣ ቀለሁ አሁንም እግር ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ያኔ የሽጉጡን የመመለሻ ሞላ ማለስለስ ይታሰባል። አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ በሉ። ለምሳሌ በርሜሉ አምስት ኢንች የሆነ የነጥብ 45 የ1911 ሞዴል ሽጉጥ መደበኛ ሞላው 16 ፓውንድ ነው፤ ወደ 14 መውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች አልመክርም።

ለስላሳ ሞላ ዋጋ ያስከፍላል። ስላይዱ ፍሬሙን አጥብቆ ይመታል። አዲስ ጥይት ገፍቶ ለመዝጋት ያለው ጉልበት ይቀንሳል፤ ያውም የማፈኛው ክብደት በርሜሉ ላይ ተጭኖ ሳለ። አንዱን ችግር ፈትታችሁ ሌላውን ልታመጡ ትችላላችሁ። ማፈኛውን አውልቃችሁ ስትተኩሱ ደግሞ የቀድሞውን ሞላ መመለስ አትርሱ። ሞላ ቆርጦ ማሳጠር ፈጽሞ አይደረግ።

ስትለውጡ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሞላም ጥይትም ዘይትም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋ እንኳ ምን እንዳጠፋለት አያውቅም። ማስታወሻ ያዙ፦ የትኛው ካዝና፣ የትኛው ጥይት፣ ስንተኛው ተኩስ ላይ፣ ምን ዓይነት ንክሻ።

ለየት ያሉ ሽጉጦች

ትንንሽ የኪስ ሽጉጦች አስቸጋሪ ናቸው። ስላይዳቸው አጭርና ቀላል፣ ሞላቸው ጠንካራ ነው። ማፈኛችሁ ከፊቱ አንድ ክፍል የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ነቅላችሁ ሞክሩ። ድምፁ ጥቂት ይጨምራል፣ ክብደቱ ግን ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

ቤሬታ 92 በርሜሉ አያዘነብልም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማፈኛን በደንብ ይሸከማል። ይሁን እንጂ በርሜሉ ስለሚንቀሳቀስ ቡስተሩን አታውጡበት።

እንደ ሩገር ማርክ 4 ያሉ የነጥብ 22 ሽጉጦች በርሜላቸው አይነቃነቅም። ቡስተር አያስፈልጋቸውም። ከነከሱ ምክንያቱ በአብዛኛው ቆሻሻ ወይም ደካማ ጥይት ነው። የነጥብ 22 ጥይት ብዙ እርሳስ ይተዋል። ማፈኛውን ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆች አጠገባችሁ አይሁኑ። ኮምጣጤና ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ቀላቅሎ መንከር እርሳሱን ያሟሟል ተብሎ ይመከራል። አታድርጉት። የሚፈጠረው ፈሳሽ በቆዳ የሚገባ የእርሳስ መርዝ ነው፣ አልሙኒየምንም ይበላል።

ለአምራቹ መላክ ያለበት ጊዜ

ባፍል ላይ ጥይት የነካበት ምልክት ካያችሁ፣ ቱቦው ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ የፒስተኑ መቀመጫ ከተፋቀ፣ በቤት ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም። ፒስተን፣ ሞላና ኦሪንግ መለወጥ የባለቤቱ ሥራ ነው። ባፍል መሥራት፣ መብሳት ወይም መተካት ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ በፌዴራል ሕግ የማፈኛ ክፍል ራሱ እንደ ማፈኛ ይቆጠራል።

ወደ አምራቹ ስትደውሉ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ደውሉ። የሽጉጡን ሞዴል፣ የበርሜሉን አምራች፣ የጥርሱን ልክ፣ የፒስተኑን ዓይነት፣ የጥይቱን ክብደትና ፍጥነት፣ ቀለሁ የወደቀበትን ቦታ ንገሯቸው። ያለ ማፈኛ ፈትናችሁ የመጣውን ውጤትም ጨምሩ። ከዚያ ለጥገና እንዴት እንደሚላክ፣ በየትኛው ማጓጓዣና በምን ወረቀት እንደሆነ ጠይቁ። የምዝገባ ፈቃዳችሁን ኮፒ ከዕቃው ጋር አድርጉ፣ ዋናውን ቤት አስቀምጡ።